የሁለተኛው ሰው ትኬት

(በማኅበራችን የአባላት ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስቆም ሁልጊዜ የማነብላችሁ ገቢና ወጪ ነው። ግማሾቻችሁ ታዳምጡኛላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ቡናው መቼ እንደሚቀርብ ታስባላችሁ፤ አልቀየምም፣ እኔም ብሆን ያው ነኝ። የዓመቱ ሂሳብ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ እሱን አላነብም። የማወራው ስለ አንድ የትራንስፖርት ደረሰኝ ነው። ስለዚያ ደረሰኝ ስናገር ስለ ልብ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ውሃም እናገራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። የምነግራችሁን ነርሶችንና አንድ ሐኪም እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብኩ ነው ያሰባሰብኩት። ለየራሳችሁ ጤና የሚከታተላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንዲት እናታችን ወደ ቢሮዬ መጡ። ዕድሜያቸው 67 ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድናገር ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ አሁንም እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው እያዩኝ ነው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ወደ ፍል ውሃ ሊሄዱ ፈልገው ነበር። ደንባችን አባል ስትታመም ለሕክምናም ሆነ ለፍል ውሃ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት እንደሚከፈል ይፈቅዳል። እሳቸውም ቅጹን ሞልተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ የጎረቤቴን ልጅ ይዣት ብሄድ የእሷንም ትከፍሉልኛላችሁ?» አሉኝ።

ደንቡን አወጣሁ። «ለታማሚዋ አባል» ይላል። ነጠላ ቁጥር ነው። እናም የተማርኩትን ሥራ ሠራሁ፤ «እማማ፣ ደንቡ የሚፈቅደው ለእርስዎ ብቻ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሳይከፋቸው፣ «ይሁን፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው ተነሱ። በአላባ አድርገው፣ ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀይረው ብቻቸውን ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰኙን ይዘው ሲመጡ ግራ እጃቸው በጄሶ ታስሮ ነበር።

የሆነውን እንደነገሩኝ ልንገራችሁ። ለማለዳ ጉዞ ሲነሱ የግፊት ክኒናቸውን ውጠዋል። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውሃ አልጠጡም። «ባዶ ሆድ ሲገቡበት ውሃው ይበልጥ ይሠራል» የሚል ወሬ ሰምተው ስለነበር ቁርስም አልቀመሱም። ደርሰው ገንዳው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገቡ። ጉልበታቸው እንደ ቅቤ ቀለጠላቸው። ያን ያህል መንገድ መጥቶ ቶሎ መውጣት ደግሞ ያስቆጫል፤ የደከሙበትን ያህል ልጠቀምበት ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ። በመጨረሻ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጨለመ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውሱም። ወድቀው የተገኙት ገንዳው ዳር፣ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው፤ ፊታቸው ወደ ታች ነበር። አጠገባቸው ፀጉሯን ስትታጠብ የነበረች አንዲት የማያውቋት ወጣት ናት ጎትታ ያወጣቻቸው። እጃቸው የተሰበረው ሲወድቁ ነው።

ያቺ ወጣት ፀጉሯን ለመታጠብ ሌላ ሰዓት መርጣ ቢሆን ኖሮ እኔ የምመዘግበው የቀብር ወጪ ነበር። ማታ መዝገቤን ስገልጥ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አባል ስትሞትብን ሙሉ ሚኒባስ ተከራይተን ለቀስተኛ እናመላልሳለን። ማንም «ስንት ሰው ነው የሚፈቀደው?» ብሎ አይጠይቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። በሕይወት ላለች አባል ግን ሁለተኛ ትኬት ከልክያለሁ።

የአካባቢያችን እናቶች ለምን ወደ ፍል ውሃ እንደሚሄዱ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ወንዶ ገነትም ሆነ ሶደሬ በየሳምንቱ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አይጠፉም። አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውሃ ልጅ ናት፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ በማረፋቸው ነው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ የተቆረቆረችው። (እቴጌይቱ ብቻቸውን እንዳልወረዱ ግን አስታውሱ።) የሞቀ ውሃ ጡንቻን ያላላል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያስታግሳል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። ዋናም እንደዚሁ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ መንገድ ላይ ከመራመድ ይቀላል፤ ውሃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት። ስለዚህ «ውሃ አትግቡ» ልላችሁ አይደለም የቆምኩት። እናታችንም እጃቸው ከዳነ በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ነው ተመልሼ የምሄደው?» የሚል ነው።

ለምን ወደቁ ታዲያ? ነርሷ ስታስረዳኝ እኔ በገባኝ መንገድ፣ ማለትም በሂሳብ ቋንቋ ላስቀምጠው። በሰውነታችን ያለው ደም አንድ ካፒታል ነው፤ መጠኑ ያው ነው፣ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ግን ይዛወራል። እስከ አንገት ውሃ ውስጥ ስንገባ ውሃው ዙሪያችንን ይጫነናል፤ በእግራችን የተቀመጠው ደም ወደ ደረት ይገፋል፣ ልብም የምትረጨው ይበዛባታል። ውሃው ትኩስ ሲሆን ደግሞ በቆዳችን ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ልብ ያንን ለማካካስ ትሮጣለች። ላብም ስለሚወጣ ፈሳሹ ይቀንሳል። ገንዳው ውስጥ እስከተቀመጥን ድረስ ውሃው ደግፎ ስለሚይዘን አይታወቀንም። ብድግ ስንል ግን ያ ድጋፍ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ደሙ በሰፉት ሥሮች ወደ እግር ይወርዳል፣ የአንጎል ሂሳብ ባዶ ይሆናል። ሰውየው ራሱን ይስታል። ይህ በወጣትም ላይ ይደርሳል፣ ነገር ግን የወጣት ሰውነት ቶሎ ያስተካክለዋል። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ማስተካከያውም ይዘገያል።

ክኒኑን ጨምሩበት። ለግፊት ከሚታዘዙልን መድኃኒቶች ውስጥ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ብዙ ጊዜ «የሽንት ክኒን» የምንለው ነው፤ ከሰውነት ጨውና ውሃ ያስወጣል። አምሎዲፒን የደም ሥሮችን ያሰፋል። ኢናላፕሪልም ግፊትን ያወርዳል። አቴኖሎልና መሰሎቹ የልብን ምት ስለሚቀንሱ ልብ ግፊቱ ሲወርድ እንደልቧ መሮጥ አትችልም። ሁሉም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ጥፋት የለባቸውም። ነገር ግን በባዶ ሆድ፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ክኒን ውጦ፣ በትኩስ ገንዳ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ድንገት መነሳት አራት ወጪ በአንድ ቀን እንደመክፈል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ፍል ውሃ ስሄድ ክኒኑን እተወዋለሁ» እንዳይል። መተው የባሰ ነው። ሳይታሰብ የተቋረጠ መድኃኒት ግፊቱን ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል፤ በተለይ አቴኖሎልን የመሰለውን በድንገት ማቆም ለልብ አደገኛ ነው። ከጉዞው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ «እንዲህ ያለ ቦታ ልሄድ ነው፣ ክኒኑን በስንት ሰዓት ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ትኩስ ውሃ በማዘውተር ጃፓኖችን የሚያህል የለም፤ በዚያ አገር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይሞታሉ፣ በብዛትም በብርድ ወራት። የአገሪቱ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ የውሃው ሙቀት ከ41 ዲግሪ አይብለጥ፣ በገንዳ ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፣ ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ ከመግባታችሁ በፊት ቤት ላለ ሰው ንገሩ። የመጨረሻውን ልብ በሉት። በራሱ ቤት ለሚታጠብ ሰው እንኳ «ለሰው ንገር» ይሉታል። ሴቶቻችን ደግሞ ሁለት መኪና ቀይረው የሚሄዱት ማንም ወደማያውቃቸው ቦታ ነው።

ሙቀቱን በምን እንለካለን ያላችሁኝ ነበራችሁ። ሕፃን ስታጥቡ ውሃውን በምን ታዩታላችሁ? በክርናችሁ። እዚያም እንደዚያው አድርጉ፤ ክርናችሁን ካቃጠለ ለልባችሁም በዝቷል። ምንጩ አጠገብማ ድንች የሚቀቀልበት ቦታ አለ፣ ስለዚህ «ይበልጥ የሞቀው ይበልጥ ያድናል» የሚለውን ወሬ ተዉት።

ትኩሱን ብቻ አውርቼ ቀዝቃዛውን ባልፍ አጎቴ ይቀየመኛል። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ 63 ዓመቱ። በልጅነቱ ብላቴ ወንዝ ውስጥ ነው ዋና የተማረው፤ አሁን ላንጋኖ በሄደ ቁጥር ከሁሉም ርቆ ብቻውን ካልዋኘ ዋኘሁ አይልም። ከሁለት ዓመት በፊት ሐይቁ መሃል ደረቱን እንደ ቀበቶ ጠበቅ አደረገው። ትንፋሹ አጠረ። ብልህ ነገር አደረገ፤ በጀርባው ተንጋሎ ተንሳፈፈ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀስ እያለ ወደ ዳር መጣ። ቀጥሎ ያደረገው ግን የብልህ አይደለም፤ ለሁለት ወር ለማንም አልተናገረም። «ደክሞኝ ነው» ብሎ ራሱን አሳመነ። በኋላ ደረጃ ሲወጣ ያው ሕመም ሲመለስበት ነው የሄደው፤ ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበው ተገኙ። ሐኪሙ የነገረው ይህን ነው፤ ደረት ላይ የሚመጣ ጥበት ወይም ጫና በእንቅስቃሴ ሲመጣና ስታርፉ ሲተዋችሁ ልብ እየተናገረች ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ደረት ላይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ ማቅለሽለሽ፣ ምክንያት የሌለው ድካምና የትንፋሽ ማጠር ሆኖ ይመጣል። «ጨጓራዬ ነው» እያልን የምናልፈው ስንቱን ነው!

ውሃ መሃል ይህ ሲመጣ ከየብስ የሚለየው ምንድነው? የብስ ላይ ደረቱን የያዘው ሰው ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ መቀመጫ የለም። ራስን መሳት የብስ ላይ መውደቅ ነው፣ ውሃ ውስጥ መስጠም ነው። በአሜሪካ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተያይዘው የሚካሄዱባቸውን ውድድሮች ከ1985 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያጠኑ ሐኪሞች የሞትና ድንገት ልብ የመቆም 135 አጋጣሚዎችን መዝግበው ነበር፤ 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ክፍል ላይ ነው፤ አደጋው ዕድሜያቸው 60 ባለፈ ወንዶች ላይ ከፍ ይላል። እነዚህ እንግዲህ የሠለጠኑ፣ ዳር ላይ ነፍስ አዳኝ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰዎች ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ ቆዳ ይኮማተራል፣ ግፊት ይዘላል፣ ሰው ሳይወድ አየር ይስባል፣ ልብ ትመታለች፤ ፊት ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሰውነት ልብን «ቀስ በይ» ይላታል። ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የደረሳት ልብ ምቷ ሊዛባ ይችላል። አደገኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ስለዚህ ከእግር ጀምሮ ቀስ እያሉ መግባት፣ ትንፋሽ እስኪረጋ መቆም፣ ዳሩን ተከትሎ እንጂ ወደ መሃል አለመዋኘት። አጎቴ አሁን እንደዚያ ነው የሚዋኘው፤ ልጁ ዳር ላይ ሆኖ አብሮት ይራመዳል። ያፍርበታል፣ ግን ይዋኛል።

ወደ ግፊቱ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንሞተው እሱን ባለማወቅ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። በአገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ውስጥ ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ይህ ወጣቱን ሁሉ ደምሮ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ያሉትን ብቻ ብትወስዱ ይጨምራል። («በእኛ» ስል ራሴን አላስገባሁም፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ግን እኔም ተለክቻለሁ።)

ግፊት አያምም። ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ስትሮኩን ነው የሚጠብቀው። አለካኩም ሥርዓት አለው፤ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበት፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግር ሳያቆላልፉ መሬት ማስረገጥ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ ሁለት ጊዜ መለካት። በተደጋጋሚ የላይኛው 140፣ የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። ነርሷ ለፍል ውሃ ተጓዦች የነገረችኝ ደግሞ፣ የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ጉዞው ቀርቶ መንገዱ ወደ ጤና ተቋም ይሁን የሚል ነው።

ከተመረመርን የምንሰማው «ጨው ቀንሱ» የሚል ነው፤ እዚህ ላይ ሁላችንም ዓይናችንን ወደ መሬት እናደርጋለን። ቡናችንን በጨው የምንጠጣ ሰዎች ነን። በያሆዴ አተካና ሲቀርብ ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ ካልታየ ባለቤቷ የታማች ያህል ይሰማታል። በዓሉን አልነካም። ግን የዘወትሩ ቡና ያለ ጨው ይጠጣል፤ እናቴን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁን ለምዳዋለች፣ ለእንግዳ ብቻ ነው ጨው የምታቀርበው። (እንግዳውም ግፊት ካለበትስ? ብዬ ጠይቄያት ተቆጥታኛለች።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናታችን ለምን ብቻቸውን ሄዱ? እኔ ስለከለከልኳቸው፣ አዎ። ግን ጠለቅ ብዬ ሳየው፣ የራሳቸው ልጅ ለምን አልተከተላቸውም? ሦስት ልጆች አሏቸው። ሁለቱ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፣ አንዱ አዲስ አበባ። ሆሳዕና ውስጥ፣ በሀዲያና በከምባታ ገጠሩም ጭምር፣ ይህን የማይመስል ቤት ስንት ነው? ብሩ ይመጣል። ቤቱ ተሠርቷል፣ ጣሪያው ያብረቀርቃል፣ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ አለ። ሶፋው ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም። ልጆቹ በስልክ «እማዬ፣ ፍል ውሃ ሂጂ፣ ብሩን ልኬያለሁ» ይላሉ፤ ፍቅር ነው፣ ሌላ አይደለም። ነገር ግን ብር ገንዳ ዳር ቆሞ ፎጣ አይዝም። እጅ አይሰጥም። «እማዬ፣ አሥር ደቂቃ ሞልቷል፣ ውጪ» አይልም።

ባለፈው ዓመት ለፍል ውሃ የከፈልኩባቸውን ደረሰኞች ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። አሥራ አንዱም የአንድ ሰው ናቸው። ከዚያ ለእያንዳንዷ አባል ስልክ ደወልኩ። «ማን ጋር ሄዱ?» ስል ዘጠኙ ብቻቸውን ነው ያሉኝ። ከዘጠኙ ስድስቱ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ። ከጉዞው በፊት ግፊቷን የተለካች አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ጤና ጣቢያ የሄደችው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ በደንባችን ውስጥ «ለታማሚዋ አባል» የሚለው «ለታማሚዋ አባልና አብሯት ለምትሄድ አንድ ሰው» ተብሎ እንዲሻሻል። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ እንዲገዛ፤ አንዱ ሆሳዕና ቢሮ፣ አንዱ ዱራሜ ይቀመጥ። ማንም ለፍል ውሃ ገንዘብ ሲያወጣ ቅጹ ላይ የግፊቱ ቁጥር ይጻፍ። ቁጥሩን አይቼ ሕክምና አልሰጥም፤ ከፍ ካለ «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ» ብዬ እመልሳለሁ። ሦስተኛው ወጪ የለውም፤ አብራ የምትሄደዋ ውሃ ውስጥ አትገባም። ሰዓት ይዛ ዳር ትቀመጣለች። ተራ ተራ መግባት ይቻላል፣ አብሮ መግባት ግን አይቻልም።

አብራ የምትሄደዋ ማወቅ ያለባትም ብዙ አይደለም። ሰው ከተዝለፈለፈ ፊቱን ከውሃ ማውጣት፣ ጠፍጣፋ ቦታ በጀርባ ማስተኛት፣ እግሩን ከፍ ማድረግ። ከነቃ ወዲያው አለማስነሳት። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው፤ ውሃም ክኒንም በአፍ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል። ካልነቃና ካልተነፈሰ ደግሞ ለእርዳታ መጮህ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል፣ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት መጫን፤ ከውሃ ለወጣ ሰው ከሁሉ በፊት ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል። ይህኛው በወሬ አይለመድም፤ እዚሁ አዳራሽ ሰው ጠርተን በተግባር ብንማረው ደስ ይለኛል።

ሐሳቡን አስቀድሜ ለአንዳንዶቻችሁ አጫውቼ ነበር፤ የሰማሁትን ተቃውሞ አልደብቅም። አንዲት እህቴ «እንግዲህ ሁሉም ጓደኛዋን ይዛ ለሽርሽር መውጣቷ ነው» ብላኛለች። ልክ ናት፣ ጥቂቶች ያደርጉታል። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅና ውሃ ስትቀዳ የኖረች የ70 ዓመት እናት ከጓደኛዋ ጋር አንድ ቀን ብትዝናና መዝገቤ ላይ እንደ ጉድለት አልጽፈውም። ከድጋፍ ሰጪዎቻችን አንዱ ደግሞ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፣ «የእኛ ገንዘብ ለመታጠቢያ ይውላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ የሁለተኛው ትኬት ወጪ አንድ እጅ ተሰብሮ ከወጣው የሕክምና ወጪ ያንሳል፣ ከአንድ ለቅሶ ሚኒባስም ያንሳል። ሁለቱንም ደረሰኝ አያይዣለሁ፣ ለማየት የሚፈልግ ቢሮዬ ይምጣ።

አንድ የቀረኝ ነገር ለልጆቻችን ነው። ይህ መጽሔት በስልክ ጆሃንስበርግና ደርባን ድረስ እንደሚነበብ አውቃለሁ፤ እናቶቻችሁ ያነቡላችኋል፣ ወይም ፎቶ አንስተው ይልኩላችኋል። ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ከማለት «ግፊትሽ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደህና ነኝ» ሁሉም እናት የምትለው ነው፤ ቁጥር ግን መዋሸት ይከብዳል። ብር ስትልኩም የሁለት ሰው ላኩ።

እናታችን በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ሊሄዱ ነው። ግፊታቸው ትናንት ተለክቷል፣ 134 በ82። ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱም ጠይቀዋል። ቁርስ በልተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ክርናቸውን አስነክተው ይገባሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ዳሩ ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ ያርፋሉ። ደንቡ እስኪሻሻል ሁለተኛው ትኬት ከኪሴ ነው፣ ሰዓት ይዤ ዳር የምቀመጠውም እኔ ነኝ። ማሻሻያው በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።